ይህን ራስ ምታት አውቀዋለሁ

ቅዳሜ የብሎካችን የውሃ ተራ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት መናቅ ይመስላል። ውሃው ይመጣል፣ ግን ጉልበት የለውም፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ አይወጣም። ስለዚህ ግራውንድ ላይ ይቀዳና በጀሪካን ይወጣል።

ያን ቀን እቤት አልነበርኩም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ነበርኩ። ሶፋው ላይ ተጋድሜ ስልኬን እየነካካሁ "አባዬ ተው፣ አሁን እወርዳለሁ" እያልኩ ነበር። አባቴ የእኔን "አሁን" ያውቃታል። ጀሪካኑን ይዞ ወረደ።

በእኛ ብሎክ ውሃ ሲመጣ የግራውንዷ ልጅ በደረጃው ጎን ሽቅብ የሚወጣውን የብረት ቧንቧ በቁልፍ ትመታለች። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ድምፁ በቧንቧው ይወጣል፤ ማንም ማንንም ስልክ አይደውልም። ያን ቀን ግን ኳኳታው አላቆም አለ። ከግራውንድም አልነበረም፤ ከእግሬ ሥር ነበር። በሬን ከፍቼ ስወርድ የሦስተኛ ፎቋ እትዬ በአንድ እጃቸው አባቴን ደግፈው፣ በሌላው በማማሰያ ቧንቧውን ይቀጠቅጣሉ።

አባቴ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ሃያ ሊትሯ ጀሪካን ከአጠገቡ። እጁ ደረቱ ላይ። "ጨመደደኝ" አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ዶክተሯ ከወር በፊት ለዚህ አዘጋጅታን ነበር። የልብህ ደም ሥር ጠቧል፣ ሸክም አትሸከም ብላዋለች። አይሰማም እንጂ። ሲያምህ ቁጭ በል፣ ይህቺን ከምላስህ ሥር አድርጋት፣ አትዋጣት፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለህ ቤት አትቆይ፣ ሆስፒታል ና ብላ ኪኒን አዘዘችለት። ከኮቱ ኪስ ቡናማዋን ጠርሙስ አወጣሁ። ኪኒኗ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ከምላሱ ሥር አስቀመጠልኝ። እኔ ሰዓቴን፣ እትዬ ጣሪያውን እያየን ዝም አልን።

ሁለት ደቂቃ የሞላ አይመስለኝም። ትከሻው ወረደ። መንጋጋው ተፈታ። "ለቀቀኝ" አለ። እትዬ በረዥሙ ተነፈሱ፤ ማማሰያዋ እጃቸው ላይ እንዳለች ነበር።

ከዚያ አባቴ ግንባሩን ያዘ። ዓይኑን ጨፈነ። የሚያውቀው ሰው ከሩቅ የጠራው ይመስል ነበር።

"ይህን ራስ ምታት አውቀዋለሁ" አለ።

"ከየት?"

"ከድማሚት።"

ሳቅሁ። ምናልባት ድንጋጤው ሲለቀኝ ነው። ምናልባትም ሽማግሌ ቀባጠረ ብዬ ነው፤ እውነቱን ልናገር ከተባለ ሁለተኛው ይበልጣል። አባቴ ዓይኑን ገልጦ አየኝና መልሶ ጨፈነ። ጀሪካኗን ተሸክሜ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ስለዚያ ነገር አላነሳም። እኔ ግን ያቺ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለችኝ።

ጠርሙሷ ላይ የተጻፈው

አባቴ ወጣትነቱን የጨረሰው በአቃቂ በኩል በነበረ የድንጋይ ካባ ነው። አለቱ ይበሳል፣ ቀዳዳው ውስጥ ድማሚት ይገባል፣ ገመዱ ይለኮሳል፣ ሰው ይሸሻል። የእሱ ሥራ ድማሚቱን ከሳጥን እያወጣ ማቀበል ነበር። በባዶ እጁ። ጓንት ማን ሰጥቶት። ከዚያ ሥራ የቀረችው አንድ ነገር በደንብ የማትሰማ ግራ ጆሮው ናት። እሷንም እንደ ልማዷ ስለምንቆጥራት ጮክ ብለን እናወራለን፣ ያልፋል።

ማታ ተኝቶ ሳለ ጠርሙሷን ከመብራት ሥር ይዤ ደቃቃውን ጽሑፍ አነበብኩ። ናይትሮግሊሰሪን ይላል።

ስልኬን አወጣሁ። ለሁለት ሰዓት ያህል አላስቀመጥኳትም፤ በዚህኛው አላፈርኩም። ናይትሮግሊሰሪንን መጀመሪያ የሠራው ጣልያናዊው ኬሚስት አስካንዮ ሶብሬሮ ነው፤ ቱሪን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1847። ጥቂት ምላሱ ላይ አድርጎ ቀመሰው። ከባድ ራስ ምታት ያዘው፤ ይህንንም ጻፈው። አልፍሬድ ኖቤል ደግሞ ይህንኑ ፈሳሽ ከልል አፈር ጋር ለውሶ እ.ኤ.አ. በ1867 ድማሚት አደረገው። በ1879 ዊልያም ሙረል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ለደረት ሕመም መስጠቱን አሳተመ። ኖቤል በስተርጅናው ልቡን ሲታመም ሐኪሞቹ ያዘዙለት ምን ይመስላችኋል? ራሱን ናይትሮግሊሰሪንን። ሰው እንዳይደነግጥ በሌላ ስም እንደሚጠሩት ለወዳጁ ጽፎ ተገርሟል።

እሾህን በእሾህ ይሏል ይሄ ነው። ድማሚት የሚነካ ሰው ናይትሮግሊሰሪኑ በቆዳውና በትንፋሹ ይገባዋል። የደም ሥሮቹ ይላላሉ፤ የራሱም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ራሱ ይፈነዳል። ከምላስ ሥር የተደረገችውም ኪኒን የምታደርገው ይኸው ነው። ስትዋጥ ጉበት አብዛኛውን ያጠፋታል፤ ከምላስ ሥር ግን በቀጥታ ደም ውስጥ ትገባለች። በተለይ ደም መልሶቹን ታላላለች፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ቀነስ ይላል፣ የልብ ሸክም ይቀላል። የልብን ደም ቅዳዎችም ታሰፋለች።

አባቴ አልቀባጠረም ነበር። እግዜር ይይልህ አልኩ ለራሴ።

ሲፋቅ የኖረው ሽፋን

እዚህ ላይ ላቆም እችል ነበር። ግን "ታላላለች" የምትለው ቃል አላስተኛኝም። አንዲት ኪኒን የደም ሥርን ግድግዳ ምን ብላ ነው የምታላላው? በምን ቋንቋ?

የደም ቅዳ ግድግዳ ከውጭ ወደ ውስጥ ድርብርብ ነው። መሐሉ ላይ የጡንቻ ሕዋሳት አሉ፤ እንደ መቀነት ዙሪያውን ተጠምጥመው። እነሱ ሲኮማተሩ ሥሩ ይጠባል፣ ሲላሉ ይሰፋል። ከሁሉ ውስጠኛው፣ ደሙን የሚነካው፣ አንድ ረድፍ ብቻ የሆነ ስስ የሕዋስ ሽፋን ነው። ኢንዶቴልየም ይባላል። ለብዙ ዘመን ሐኪሞች የቀለም ቅብ ያህል ነበር የሚቆጥሩት። ደም እንዳይፈስ የሚይዝ፣ ሌላ ሥራ የሌለው።

ሮበርት ፈርችጎት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ የጥንቸል ደም ቅዳ እየቆረጠ ይሠራ ነበር። ቁራጩን ዘርግቶ በመድኃኒት ያጥበዋል፣ ሲኮማተር ሲላላ ይለካል። አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ሲጨምርበት ቁራጩ ይኮማተራል። ይህን በ1953 ጽፎታል። አንድ ችግር ነበር። በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ ያው አሴቲልኮሊን ደም ሥርን የሚያሰፋ ነው። ቤተ ሙከራው ሌላ፣ ሰውነቱ ሌላ ይናገራል። ይህ እንቆቅልሽ ሳይፈታ ዓመታት አለፉ።

በ1978 የቤተ ሙከራው ባለሙያ የሙከራውን ቅደም ተከተል ሳተ። ለካ የሚያኮማትረው መድኃኒት በዚያን ቀን ቁራጩን አላላው። ፈርችጎት ልጁን አልተቆጣም ወይም ተቆጥቶም እንደሁ አላቆመውም፤ ምን ተለየ ብሎ መፈለግ ጀመረ። ያገኘው ነገር የሚያሳፍር ያህል ቀላል ነው። እስከዚያ ድረስ ቁራጩ ሲዘጋጅ የውስጥ ገጹ ሳይታወቅ ይፋቅ ነበር። ያን ስስ ሽፋን እያነሱ ይጥሉት ነበር። ሽፋኑ ሲኖር አሴቲልኮሊን ያላላል፤ ሲፋቅ ያኮማትራል። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚደርሰው ግን ተቃራኒ ሆኖ ነው፣ መሐል ላይ የሚያቀብለው ጎረቤት ስለሌለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ የኛ ሰዎች። ሃያ አምስት ዓመት በገዛ እጅ እየፋቁ መልሱን መፈለግ ምን እንደሚመስል አስቤ ሳልጨርስ፣ ደረጃው ላይ የሳቅሁት ሳቅ ትዝ አለኝ። የአባቴም ቃል እኔ ጋ የደረሰው ተገልብጦ ነበር።

ፈርችጎት ቀጥሎ ያደረገውን በጣም ወደድኩለት። ሽፋኑ የተፋቀ ቁራጭና ሽፋኑ ያለ ቁራጭ ወስዶ ፊት ለፊት አጣበቃቸው፤ እንደ ሳንድዊች። የተፋቀው ብቻውን ሲሆን የሚኮማተረው አሁን ላላ። ስለዚህ ሽፋኑ ያለው ቁራጭ የሆነ ነገር ይልካል፤ ያኛውም ይሰማል። በ1980 ከጆን ዛዋድዝኪ ጋር አሳተሙት። የሚላከው ነገር ምን እንደሆነ ግን አልታወቀም ነበር።

በ1986 ፈርችጎትና ሉዊስ ኢግናሮ እየብቻቸው ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው አሉ፤ በዓመቱ ተረጋገጠ። ጋዝ ነው! ቃሊቲ መንገድ ላይ ከሚኒባስ ጭስ ማውጫ ከሚወጡት ጋዞች አንዱ። ጋዝ በሕዋስና በሕዋስ መካከል መልእክተኛ ይሆናል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ፈሪድ ሙራድ ደግሞ ቀደም ብሎ በ1977 ናይትሮግሊሰሪን ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ይህንኑ ጋዝ እየለቀቀ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ሦስቱ በ1998 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በድማሚቱ ሰውዬ ገንዘብ ማለት ነው።

ገብቶኛል። ጤነኛ የደም ሥር ውስጥ ደሙ ሲፈስ ሽፋኑን ይዳስሰዋል፣ ይጎትተዋል። ሽፋኑ ያን ይሰማና ጋዙን ይሠራል። ጋዙ ወደ ጡንቻው ይዘልቃል፣ "ላላ በል" ይለዋል። ሽፋኑ በስኳር፣ በሲጋራ፣ በደም ግፊትና በስብ ሲጎዳ ግን ድምፁ ይሰልላል። በ1986 ቦስተን ያሉ ሐኪሞች የሰው ልብ ደም ቅዳ ውስጥ አሴቲልኮሊን አንጠባጥበው አይተዋል፤ ጤነኛው ሰፋ፣ የታመመው ግን ጠበበ። ልክ እንደተፋቀው የጥንቸል ቁራጭ። ናይትሮግሊሰሪን ሲሰጡት ግን የታመመውም ሰፋ። ኪኒኗ ሽፋኑን አትጠብቅም፤ መልእክቱን ራሷ ይዛ ትመጣለች።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ

ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚኖረው ለሰከንዶች ነው። ከአጠገቡ ካለው ሕዋስ አልፎ ሩቅ አይሄድም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚሠራው እዚህ ነው። ታዲያ ሥሩ ረዥም ነው፤ አንድ ቦታ የተነገረ ነገር እንዴት ሌላ ቦታ ይሰማል?

የጀሪካኗን ነገር አስቡት። የአባቴ የእጅ ጡንቻ ሲሠራ ተጨማሪ ደም ይፈልጋል። ይህን መጀመሪያ የሚያውቁት ጡንቻው ውስጥ ያሉት ደቃቅ ሥሮች ናቸው። እነሱ ብቻ ቢሰፉ ግን ዋጋ የለውም፤ የሚመግባቸው ከላይ ያለው ትልቁ ሥር ነው። እሱም መስማት አለበት። መልእክቱ ከደሙ በተቃራኒ፣ ከታች ወደ ላይ መሄድ አለበት። ከግራውንድ ወደ አራተኛ ፎቅ።

የሽፋኑ ሕዋሳት ይህን የሚያደርጉት ግድግዳቸውን በስተው ነው። ቀዳዳው የሚሠራው ኮኔክሲን ከሚባሉ ፕሮቲኖች ነው። ስድስቱ ክብ ሠርተው ይቆሙና ግማሽ ቧንቧ ይሆናሉ። ግማሽ ብቻ። የቀረውን ግማሽ ጎረቤቲቱ ሕዋስ ከራሷ በኩል ታመጣለች። ሁለቱ ሲገጥሙ ከአንዷ ሆድ ወደ ሌላዋ ሆድ የሚያሳልፍ መንገድ ይከፈታል። ይህቺ ግማሽ ግማሽ ነገር በጣም ነው ያስገረመችኝ። በእኛ ብሎክ የጋራ መብራት ሲቃጠል አምፖል ግዢው ላይ የምናየውን ጭቅጭቅ ላየ ሰው ተአምር ነው።

በዚህ መንገድ የኤሌክትሪክ ምልክት ያልፋል። ከአንዷ ሕዋስ ፖታሲየም ሲወጣ ውስጧ ይበልጥ ወደ አሉታዊ ይሄዳል፤ ጎረቤቷም እንዲሁ፣ የጎረቤቷም ጎረቤት። የሽፋኑ ሕዋሳት በሥሩ ርዝመት ልክ ስለተጋደሙ ምልክቱ በእነሱ ላይ ሽቅብ ይሮጣል። አንዷ ሕዋስ ርዝመቷ ከሚሊሜትር መቶኛ እጆች ጥቂቱ ቢሆን ነው፤ ምልክቱ ግን ሚሊሜትሮችን ያቋርጣል። በሽፋኑና በጡንቻው መካከል ደግሞ ላስቲክ የመሰለ ንጣፍ አለ። እሱም ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። የሽፋኑ ሕዋሳት በዚያ በኩል ጣታቸውን አሾልከው ጡንቻውን ይነካሉ። ምልክቱ ሲደርሰው የጡንቻው የካልሲየም በሮች ይዘጋሉ፣ ጡንቻው ይላላል፣ ላይኛው ሥር ይሰፋል፣ ደሙ ይመጣል።

ስለዚህ ጋዙም አለ፣ ቀዳዳውም አለ። ለመጥበብም የራሱ ቃል አለው፤ በ1988 ጃፓን ውስጥ ሽፋኑ ኢንዶቴሊን የሚባል በኃይል የሚያኮማትር ነገር እንደሚያወጣ ታውቋል። ያ ቀለም ቅብ የተባለው ሽፋን ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ነው የሚውለው።

ሰኞ

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁርስ ላይ ለአባቴ ነገርኩት። በቀኝ ጆሮው በኩል ተቀምጬ። የጥንቸሉን ቁራጭ በእንጀራ አሳየሁት፤ ሁለት ቁራሽ ፊት ለፊት አጣብቄ። ጣቴ ወጥ ነካ። ዝም ብሎ ሰማኝ።

"ድማሚቱ ነው እኮ አልኩህ" አለ።

"ብለኸኛል። ይቅርታ አባዬ።"

"ሰኞ ሰኞ ነበር የሚብሰው" አለ፤ ይቅርታዬን እንዳልሰማ አለፈው። "ማክሰኞ ይቀላል፣ ረቡዕ ትረሳዋለህ። እሑድ አርፈህ ሰኞ ስትመለስ እንደገና ይጀምርሃል።"

ይህንንም አንብቤዋለሁ። ድማሚት ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ሰኞ ራሳቸውን ያማቸው ነበር። ሰውነት በጥቂት ቀን ናይትሮግሊሰሪኑን ይለምዳል፤ በዕረፍት ቀን ልማዱን ያጣል። አንዳንዶቹ እንዳይቋረጥባቸው ባርኔጣቸው ውስጥ ትንሽ ይቀቡ ነበር። ይህን ስነግረው ሳቀ። "እኛም ብናውቅ ኖሮ" አለ።

ከዚያ ሌላውን ነገርኩት፤ ባልነግረው ይሻል ነበር። በ1972 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አለ። ፋብሪካው ውስጥ የልባቸው ሥር ጤነኛ የሆነ ሠራተኞች በዕረፍት ቀናቸው የልብ ሕመም ያዛቸው። ሥሮቻቸው ሁልጊዜ ከውጭ ተነግሯቸው መላላት ለምደዋል፤ የሚነግራቸው ሲቀር በድንገት ተኮማተሩ።

አባቴ ጉርሻውን አስቀመጠ።

"አንድ ልጅ ነበር አብሮን" አለ። "ከሁላችን ጠንካራው። ራሱን አያመውም ነበር፤ ሳጥን ከፋቹ እሱ ነው። ለፋሲካ አገሩ ሄደ። ማክሰኞ ይመለሳል ብለን ስንጠብቅ መርዶው መጣ። በቀኑ ቆሞ እያወራ ነው የወደቀው አሉ። ጾም ውሎ ሥጋ በልቶበት ነው አልን።"

እጁን አየ። መዳፉን ገልብጦ፣ መልሶ ገልብጦ።

"ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር" አለ።

ከታች ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። ውሃ መጣ። አባቴ ሊነሳ ጉልበቱን ያዘ፤ እኔ ቀድሜው ጀሪካኖቹን ያዝኩ። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ እትዬ በራቸውን ከፍተው የራሳቸውን ባልዲ አቀበሉኝ።